የአክሮኑ ስልክ

ቅዳሜ ሜይ 11 ቀን 1935 በኦሃዮ ግዛት፣ በአክሮን ከተማ፣ በሜይፍላወር ሆቴል መግቢያ አዳራሽ ውስጥ አንድ ረጅም የኒው ዮርክ ሰው ወዲያና ወዲህ ይንጎራደድ ነበር። ቢል ዊልሰን ይባላል። ወደ አክሮን ያመጣው የአንድ የጎማ ማሽነሪ ኩባንያን አመራር ለመያዝ በባለአክሲዮኖች መካከል የተነሣ ትግል ነው። የእሱ ወገን ተሸነፈ፤ ባልደረቦቹም ወደ ኒው ዮርክ ተመለሱ። በኪሱ የቀረው አሥር ዶላር ገደማ ነው። መጠጥ ካቆመ ገና አምስት ወሩ ነው። ከአዳራሹ በአንዱ ጫፍ ያለው ባር ቅዳሜን ሊያሳልፉ በመጡ ሰዎች ሞቋል። በሌላው ጫፍ ስልክና የከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር አለ። ቢል ወደ ስልኩ ሄደ።

እኔ በዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ። የምሠራው በመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ የሌሊት ፈረቃ። መጠጥ ካቆምኩ ዓመታት አልፈዋል። ስሜን የማልጽፈው አፍሬ አይደለም። ከመጠጥ ያወጣኝ ማኅበር አባላቱ በጋዜጣና በመጽሔት ላይ በሙሉ ስማቸው እንዳይወጡ የሚያዝ ልማድ ስላለው ነው። ማኅበሩ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ይባላል፤ እኛ ኤኤ እንለዋለን። ዛሬ ወደ 180 በሚጠጉ አገሮች ከ120,000 በላይ ቡድኖች አሉት። ታሪኩን የምጽፈው ለአገሬ ሰዎች ነው፤ መጠጥ ያስቸገረው ሰው በሰፈሩ ስብሰባ ሲፈልግ የሚያደርገው ነገር ከየት እንደ መጣ ቢያውቅ እግሩ ይቀልለዋል ብዬ አምናለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቢል በዚያ ስልክ የፈለገው ሐኪም አልነበረም፤ ገንዘብም አልነበረም። ከዝርዝሩ መርጦ የደወለላቸው ቄስ ዋልተር ተንክስ ይባላሉ። የጠየቃቸውም መጠጥ ማቆም ያቃተው፣ ሊያነጋግረው የሚችል ሌላ ሰው እንዲጠቁሙት ነው። ቄሱ የሰዎችን ስም ሰጡት፤ አንዱ ወደ ሌላው እየመራው በመጨረሻ ሄንሪዬታ ሳይበርሊንግ ከምትባል ሴት ደረሰ። የጉድይር ጎማ ፋብሪካ መሥራች የፍራንክ ሳይበርሊንግ ምራት ናት፤ የምትኖረው ስታን ሃይዌት በተባለው ሰፊ ግቢያቸው በር ላይ ባለችው ቤት ነበር። እሷም መጠጥ እንዲተው ስትጸልይለት የቆየች አንድ ወዳጅ ነበራት፤ ዶክተር ቦብ ስሚዝ የሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም።

ያን ቀን ግን ዶክተሩ ሰክሮ ተኝቶ ነበር። ቀጠሮው ለማግሥቱ እሑድ ሆነ፤ ዕለቱም የእናቶች ቀን ነበር። ዶክተር ቦብ ከሚስቱ ከአን ጋር ሲመጣ ገና ከበሩ ከአሥራ አምስት ደቂቃ በላይ እንደማይቆይ ተናገረ። ሁለቱ ሰዎች ለብቻቸው ተቀመጡ። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት የጀመሩትን ወሬ ሲጨርሱ ከምሽቱ አምስት ሰዓት አልፎ ነበር።

በዚያ ክፍል ውስጥ የሆነውን ነገር ለመረዳት ቢል እስከዚያ የመጣበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሮውላንድ ሃዛርድ የሚባል የሮድ አይላንድ ሀብታም ለመጠጡ መድኃኒት ፍለጋ ስዊዘርላንድ ድረስ ሄዶ ታዋቂውን የአእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግን አግኝቶ ነበር። ዩንግም በሕክምና በኩል ተስፋ እንደሌለው፣ የሚቀረው ውስጡን የሚለውጥ መንፈሳዊ ነገር መሆኑን በግልጽ ነገረው። ሃዛርድ ኦክስፎርድ ግሩፕ ከሚባል የክርስቲያኖች ንቅናቄ ጋር ተቀላቀለና መጠጥ ተወ። ንቅናቄው ኃጢአትን ለሌላ ሰው መናገርን፣ የበደሉትን መካስንና ሌላውን መርዳትን ያስተምር ነበር። ሃዛርድ ወደዚያ ያመጣው ኤቢ ታቸር ደግሞ በ1934 መጨረሻ ላይ የድሮ የመጠጥ ጓደኛውን ቢልን ለመጠየቅ ብሩክሊን ሄደ። ቢል ጂን ቀድቶ ሲጠብቀው ኤቢ አልጠጣም አለ። ቢል ከዚያ በኋላም ጥቂት ጊዜ ጠጥቷል፤ የመጨረሻው ግን በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ፣ ማንሃተን ውስጥ ወደሚገኘው ታውንስ ሆስፒታል ሲገባ ሆነ።

እዚያ ያከመው ዶክተር ዊልያም ሲልክዎርዝ መጠጥ የባሕርይ ብልሹነት ብቻ ሳይሆን በሽታ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። አንዴ ከቀመሰ ማቆም የማይችል አካል፣ ካቆመ በኋላም ወደ መቅመስ የሚመልስ አእምሮ፤ ሲልክዎርዝ በሽታውን የሚገልጸው በእነዚህ በሁለቱ ነበር። ቢል ከሆስፒታል ወጥቶ ለአምስት ወር ያገኘውን ሰካራም ሁሉ ሲሰብክ ከረመ። አንድም ሰው አላቆመለትም። ተስፋ ቆርጦ ሲያማርር ሚስቱ ሎይስ አንተ ራስህ እኮ አልጠጣህም አለችው። ሲልክዎርዝ ደግሞ ስብከቱን ትቶ መጀመሪያ የራሱን ሕመም እንዲናገር መከረው።

እንግዲህ ቢል በሄንሪዬታ ቤት ለዶክተር ቦብ አልሰበከም። የራሱን ነገር ተናገረ፤ እንዴት እንደጠጣ፣ እንዴት መማል እንደለመደ፣ መሐላውም እንዴት እንደማይጸና። ዶክተር ቦብ ስለ መጠጥ ሕክምና ብዙ ያነበበ፣ ከኦክስፎርድ ግሩፕ ጋርም ሁለት ዓመት ተኩል ያህል የተቀመጠ ሰው ነበር። ሆኖም ስለ መጠጥ ከራሱ ሕይወት እያወቀ ያነጋገረው የመጀመሪያው ሰው ቢል እንደሆነ በኋላ ጽፏል።

ይህን ታሪክ ስሰማ ከሁሉ በላይ የገረመኝ ደዋዩ ነው። መጠጥ ያቆመው ቢል ነው፤ እየጠጣ ያለው ቦብ ነው። የደወለው ግን ያቆመው ሰው ነው። ያን ቅዳሜ ወደ ባሩ እንዳይገባ የሚያደርገው ሌላ ሰካራም ማግኘት ብቻ መሆኑ ገብቶት ነበር። የማኅበሩ ነገር ሁሉ የተገነባው በዚህ ላይ ነው። ረጂና ተረጂ የሚባል የለም፤ ሁለት ሕመምተኞች አሉ፤ አንዱ ያለ ሌላው አይድንም።

ዶክተር ቦብ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ወደቀ። ለሐኪሞች ጉባኤ አትላንቲክ ሲቲ ሄዶ እዚያው ጠጣ። ሲመለስ ቀዶ ሕክምና ነበረበት፤ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ብሎ ጠዋት ቢራ የሰጠው ራሱ ቢል ነው። የመጨረሻው መጠጥ እሱ ሆነ። ማኅበሩ ልደቱን የሚያከብረው በዚያ ቀን፣ በጁን 10 ቀን 1935 ነው። ወዲያው ሁለቱ ሰዎች ሌላ ሰካራም ፍለጋ ሆስፒታል ሄዱ፤ አልጋ ላይ ያገኙት የአክሮን ጠበቃ ሦስተኛው ሆነ።

ያኔ ስብሰባ የት እንዳለ የሚጠቁም ነገር አልነበረም። ቤት ነበር። በአክሮን ረቡዕ ማታ የሚሰበሰቡት በቲ. ሄንሪ ዊልያምስና በሚስቱ በክላሬስ ቤት ነው፤ ባልና ሚስቱ ራሳቸው የመጠጥ ችግር አልነበረባቸውም። በኒው ዮርክ ደግሞ በቢልና በሎይስ ቤት። በ1937 ቢልና ቦብ ተቀምጠው ሲቆጥሩ በሁለቱ ከተሞች መጠጥ አቁመው የጸኑት 40 ያህል ብቻ ነበሩ። አዲስ ሰው ከእነዚህ ቤቶች የሚደርሰው አንዱ አባል ከሆስፒታል አልጋ ወይም ከቤቱ ይዞት ሲመጣ ነው።

ከክሊቭላንድ የሚመጡት በየሳምንቱ እስከ አክሮን ይነዱ ነበር። ከእነሱ ብዙዎቹ ካቶሊኮች ናቸው፤ በኦክስፎርድ ግሩፕ ጥላ ሥር መሰብሰቡና በሌላ ሃይማኖት ሰዎች ፊት ኃጢአትን መናዘዙ ከቤተ ክርስቲያናቸው ጋር አጋጫቸው። በሜይ 1939 ክላረንስ ስናይደር የሚባለው አባል የክሊቭላንዶቹን ለይቶ በከተማቸው ሰበሰበ። መጠሪያቸውንም በዚያው ዓመት አፕሪል ላይ ከታተመው የማኅበሩ መጽሐፍ ወሰዱ፤ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ። በዚህ ስም የተጠራ የመጀመሪያው ቡድን ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ በሩ ለካቶሊኩም ለአይሁዱም ለማያምነውም ተከፈተ፤ ዛሬ እኔ ኦርቶዶክሱ ከሙስሊም ጎን የምቀመጠው በዚያ መለያየት ምክንያት ነው።

በዚያው መኸር ፕሌን ዲለር የተባለው የክሊቭላንድ ጋዜጣ ስለ እነሱ ተከታታይ ጽሑፍ አወጣ። ስልኩ አላቆም አለ። ጥቂት ደርዘን የነበሩት አባላት መጠጥ ካቆሙ ሳምንታት ብቻ የሆናቸውን ሰዎች ሳይቀር ሌላውን እንዲረዱ ላኳቸው። በጥቂት ወራት ውስጥ በመቶዎች ተቆጠሩ። ትልቁ ማዕበል ግን በማርች 1941 መጣ። ጃክ አሌግዛንደር የሚባል ጋዜጠኛ በሳተርደይ ኢቪኒንግ ፖስት መጽሔት ስለ ማኅበሩ ሰፊ ጽሑፍ ጻፈ። በዓመቱ መጀመሪያ 2,000 ገደማ የነበሩት አባላት በዓመቱ መጨረሻ 8,000 ሆኑ።

ስለ ስብሰባ ፍለጋ ሳስብ ከዚያ ጽሑፍ በኋላ የመጡት ደብዳቤዎች ትዝ ይሉኛል። ከሚስት፣ ከእናት፣ ከራሱ ከጠጪው የሚጻፉ በሺህ የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ኒው ዮርክ ወዳለችው ትንሽ ቢሮ ይጎርፉ ነበር። ጸሐፊዋ ሩት ሆክ ትመልሳለች። ጠያቂው ባለበት ከተማ ቡድን ከሌለ አድራሻው ወደዚያ ለሚጓዝ አባል ይሰጣል፤ ከአባላቱ ብዙዎቹ ዕቃ እየዞሩ የሚሸጡ ነበሩ። ሻጩ ሥራውን ጨርሶ ያን ሰው በር ያንኳኳል። ሁለቱ ተቀምጠው ከተነጋገሩ የዚያ ከተማ ስብሰባ ተጀመረ ማለት ነው።

ሕክምናውም አልተረሳም። ብዙ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጥ፣ መቃዠት፣ የሚጥል በሽታ ሊያመጣበት፣ ሊገድለውም ይችላል። ስለዚህ ዶክተር ቦብ ከ1939 ጀምሮ ሲስተር ኢግናሺያ ከምትባል መነኩሲት ጋር በአክሮን በሚገኘው በሴንት ቶማስ ሆስፒታል ሰካራሞችን እያስተኛ አከመ፤ እስኪሞት፣ እስከ 1950 ድረስ 5,000 ያህል ሰው እንዳከሙ ይነገራል። ይህን የጻፍኩት ዛሬም ስለሚሠራ ነው። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው ከማቆሙ በፊት ሐኪም ይየው፤ ስብሰባው ከሐኪሙ ጋር ይሄዳል እንጂ ሐኪሙን አይተካም።

ማኅበሩ ሲያድግ የሚያፈርሰው ነገርም አብሮ መጣ። ገንዘብ፣ ዝና፣ ፖለቲካ። ከዚያ መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ነገር ሆኖ ነበርና። በ1840 በባልቲሞር ከተማ በአንድ መጠጥ ቤት ይገናኙ የነበሩ ስድስት ጠጪዎች ተማምለው መጠጥ ተዉ፤ ማኅበራቸውን በጆርጅ ዋሽንግተን ስም ሰየሙ። በየስብሰባው የራሳቸውን ታሪክ ይናገሩ ነበር፤ በጥቂት ዓመታት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተከተላቸው። አብርሃም ሊንከን በ1842 በስፕሪንግፊልድ ንግግር ያደረገላቸው ለእነሱ ነው። ነገር ግን መጠጥ በሕግ ይከልከል አይከልከል የሚለውና ሌላው የዘመኑ ፖለቲካ ገባባቸው፤ ሰካራሙ ሰካራሙን መርዳቱ ቀረና ማኅበሩ ሳይቆይ ጠፋ። ኤኤ በ1946 አሥራ ሁለት ልማዶችን ጻፈ፤ በ1950 ክሊቭላንድ ላይ በተደረገ ጉባኤ አጸደቃቸው። በማንኛውም የውጭ ክርክር ወገን አለመያዝ፣ ከውጭ ገንዘብ አለመቀበል፣ የአባላትን ስም መጠበቅ የሚሉት ከእነዚህ ናቸው። ለመግባትም የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጠጥ ለማቆም መፈለግ።

ያም ሆኖ በሩ ለሁሉ እኩል አልተከፈተም። እኔ በምኖርበት አካባቢ፣ በዋሽንግተን፣ የመጀመሪያው የጥቁሮች ቡድን የተቋቋመው በ1945 ነው። ከመሥራቾቹ ዋነኛው ጂም በሚለው ስሙ ብቻ የሚታወቅ ጥቁር ሐኪም ነው፤ ታሪኩ በማኅበሩ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ከተማው በዘር በተከፋፈለበት ዘመን በመጀመሪያ በአንዲት አባል ቤት፣ በኋላም በኪራይ ክፍል ተሰበሰቡ። እኔ ዛሬ በዚህ ከተማ የትኛውም ክፍል ገብቼ ስቀመጥ ዐረፍ የምለው እነዚያ ሰዎች በከፈሉት ነው።

ወደዚህ ክፍል ያመጣችኝ ታላቅ እህቴ ናት። እኛ ቤት ስለ መጠጥ አይነገርም ነበር። ማኅበር ሲወጣ ጠላው ይቀርባል፤ ልደት፣ ክርስትና፣ ሠርግ ሲሆን ውስኪው ይደረደራል፤ አልጠጣም ያለ ሰው አስተናጋጁን እንዳስቀየመ ይቆጠራል። የጠጪ ቤተሰብ ደግሞ ይሸፍናል። ጠበል ሄጃለሁ፤ ለንስሐ አባቴም ተናግሬአለሁ፤ ሁለቱም ረድተውኛል። የጎደለኝ ማክሰኞ ማታ ከሥራ በፊት፣ የመጠጥ ሱቁ ክፍት ሆኖ ሳለ፣ ያው ነገር የያዘው ሰው አጠገቤ መቀመጡ ነበር። እህቴ በአካባቢያችን ላለው የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ደወለች። ስልኩን ያነሣው ተቀጣሪ ሠራተኛ አልነበረም፤ ራሱ ከመጠጥ የወጣ በጎ ፈቃደኛ ነበር። ለእሷ ጥቂት ከነገራት በኋላ እኔን እንድታቀርብለት ጠየቃት። እሷም ስልኩን ዘርግታ «ወንድምዬ፣ አንተኑ ነው የሚፈልግህ» አለችኝ።

ያኔ የፈራሁት መጠጡን ማቆም አልነበረም። የአገሬ ሰው ቢያየኝስ የሚለው ነበር። በእኛ ሰፈር ወሬ ከባቡር ይፈጥናል። ሰዎቹ ግን ስም የሚጠብቁት ለዚህ ነው፤ በክፍሉ የተሰማ በክፍሉ ይቀራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልን ያደግን ሰዎች ነን፤ ይህ ማኅበር ደግሞ በሽታን ያለ ሐሜት የሚገልጡበት ቦታ ሠራ።

ዛሬ ስብሰባ መፈለግ ቀላል ነው። ጽሕፈት ቤቱ በስልክ ይናገራል፤ በእጅ ስልክ ላይ የሚጫን ሚቲንግ ጋይድ የሚባል የማኅበሩ መተግበሪያም አቅራቢያ ያለውን በሰዓትና በቦታ ያሳያል። ክፍት ተብሎ የተጻፈው ስብሰባ ቤተሰብም ወዳጅም የሚገባበት ነው፤ ዝግ የተባለው መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ዘመድ ይዞ ወደ ክፍቱ ቢሄድ ይቀልለዋል። አብዛኛው የሚሆነው በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው፤ ቡድኑ ግን የዚያ ቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ ኪራይ ይከፍላል። ቡና ይፈላል፤ ቅርጫት ይዞራል፤ ያለው አንድ ሁለት ዶላር ይጥላል፤ የሌለው ያሳልፋል። ለመናገር የሚገደድ የለም። ለዘመድም የተለየ ቦታ አለ፤ ሎይስ ዊልሰን ከሌሎች ጋር በ1951 ያቋቋመችው አል-አኖን የጠጪ ሚስቶች፣ ባሎች፣ ወላጆችና ወንድም እህቶች የሚሰበሰቡበት ነው። እህቴ ዛሬም ትሄዳለች።

ይሠራል ወይ ብሎ ለሚጠይቅም መልስ አለ። በ2020 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶች መርማሪ ተቋም 27 ጥናቶችን፣ ከ10,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን፣ መርምሮ ነበር። ሰዎችን በተደራጀ መንገድ ወደ ኤኤ የሚመራ ሕክምና ሙሉ በሙሉ መጠጥ በማስተው በኩል ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት እንዳለው አገኘ። ይህ ለሁሉ ሰው ይሠራል ማለት አይደለም። የሚያምንበትን ሌላ መንገድ ያገኘ ይጽናበት።

ከቡድናችን ሰዎች ጋር በጁን ወር አክሮን ሄጄ ነበር። በዚያ ሰሞን ለማኅበሩ ልደት በሺህ የሚቆጠር ሰው ከየአገሩ ይመጣል። አርድሞር መንገድ ላይ ያለው የዶክተር ቦብ ቤት ለጎብኚ ክፍት ነው። ተራ የቤተሰብ ቤት ነው፤ ቢል የ1935ን በጋ ያሳለፈው፣ በኋላም ሰካራሞች እየመጡ የሚያድሩት እዚያ ነው። ሐኪሙ ገንዘብ የተረፈው ሰው አልነበረም፤ ቤቱን እንኳ ባንክ ሊወስድበት ደርሶ ነበር። ቢልም ያኔ ሥራ አልነበረውም። ሁለቱ ድርጅት ለማቋቋም አቅም አልነበራቸውም፤ የነበራቸው የሚያውቁት ሕመምና የሚያንኳኩት በር ነው።

ይህን የምለው በእኛ ዘንድ ምን ሊሆን እንደሚችል ስለማስብ ነው። እኛ ማኅበር የሚያስተምረን ሰው አያሻንም። በየወሩ ቤት ለቤት የሚዞረውን የጽዋ ማኅበር፣ ሐዘንተኛን ብቻውን የማይተወውን እድር፣ ይዘን ባሕር የተሻገርን ሕዝብ ነን። መጠጥ የጎዳውን ሰው ግን ከእነዚህ ሁሉ መካከል ብቻውን ትተነዋል። በማኅበሩ ልማድ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ጠጪዎች መጠጥ ለመተው ከተሰበሰቡ ራሳቸውን ቡድን ብለው መጥራት ይችላሉ። ፈቃድ የሚሰጥ አለቃ የለም፤ የመግቢያ ክፍያም የለም።

እኔና አንድ የአገሬ ልጅ ይህን ተማምነን ሐሙስ ማታ በአማርኛ መሰብሰብ ጀምረናል። የክፍሉን ኪራይ ከቅርጫቱ እንከፍላለን፤ አንድ ሳምንት አምስት ሰው ይመጣል፤ ሌላ ሳምንት ሁለታችን ብቻ እንሆናለን። ሁለት ስንሆንም ስብሰባው ይካሄዳል፤ ሁለታችንም ሳንጠጣ ወደ ቤታችን እንገባለን። ስለዚህ አድራሻ እየፈለግህ ያለህ ወንድሜ፣ እየፈለግሽ ያለሽ እህቴ፣ ስትመጡ ሰው የምታስቸግሩ አይምሰላችሁ። እኛም የቆምነው እናንተ ስትመጡ ነው።